አምስተኛው መንገድ

መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ሳጥኑን ገጨች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አባቷ። ቀኝ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አሸት አሸት አደረገና መለሰው። «ገና አልሞቀችም። እንደገና አስነሺልኝ፣ ክላክስ።»

ክላክስ እንደገና አስነሣችለት። ክላክስ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው አባቷ በተወለደችበት ሳምንት ለቅሶዋን ሰምቶ ያወጣላት ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሄን ስም የሚያውቅባት ሰው ቢገኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ቤት ውስጥ ግን አባቷ በሌላ ስም ሲጠራት የተቆጣት ይመስላታል።

ስክሪኑ ላይ ትንሿ ቀይ መኪና ተነሣች። መንገዱ ከላይ ወደ ታች ይሮጣል፤ ሳጥን ይመጣል፣ ድንጋይ ይመጣል፣ የቆመ ጋሪ ይመጣል። ቀስት የተሳለባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ጌሙ በቃ ይኸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲነዳ ከርሞ መኪናዋን አምስተኛው መንገድ ያደረሰ ሰው፣ ዛሬ የመጀመሪያውን መንገድ የመጀመሪያ ሳጥን ማለፍ አቃተው። ጣቱ ቁልፉን የሚጫነው መኪናዋ ከተጋጨች በኋላ ነበር።

አራተኛም ገጨ። አምስተኛም።

«ዛሬ እምቢ አለችኝ» አለ፤ እጁን ማለቱ ነው። ፈገግ ሊል ሞከረ፤ የፊቱ ቀኝ ጎን እንደ ሁልጊዜው ዘግይቶ ተከተለው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ የላፕቶፑን ክዳን በግራ እጁ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«የሰኞውን ነገር እንተወው» አለ።

«ለምን? አንድ ቀን እኮ ነው አባዬ! ደክሞህ ነው!»

«እንተወው አልኩ።»

ክላክስ ክዳኑን ልትከፍት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ምክንያቱም ዛሬ ምን እንደተለወጠ ታውቃለች። የተለወጠው የአባቷ እጅ አልነበረም።

ላፕቶፑን የገዛችላት አክስቷ ናት፣ ከጋሽ ብሎን ሱቅ። ጋሽ ብሎን ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እየጠገኑ ይሸጣሉ፤ ሲሠሩ ብሎኖቹ እንዳይጠፉባቸው በከንፈራቸው ስለሚይዙ የሰፈሩ ልጆች ያወጡላቸው ስም ነው። ላፕቶፑ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተወግዶ የመጣ ነው፤ ክዳኑ ላይ የንብረት ቁጥሩ ገና አልተላጠም። ውፍረቱ የሁለት መዝገበ ቃላት ያህላል። ቻርጀሩ ከተነቀለ ሦስት ሳይቆጠር ይጠፋል። ማራገቢያው ሲነሣማ እናቷ ከወዲያኛው ክፍል ሆና «ወፍጮ ቤት ከፈትሽብኝ እንዴ?» ትላለች።

ጋሽ ብሎን ሲሸጡላቸው አልዋሹም። «ለጽሑፍ ይሆናል» ነበር ያሉት፤ «ለጌም ከሆነ ግን ትንንሾቹን ሞክሪ። ትልልቆቹን ከጫንሽበት ያለቅስልሻል።»

ክላክስ ግን ያልሞከረችው አልነበረም። ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ቀጮ በፍላሽ ያመጣችላትን ሁሉ ጫነች። የእግር ኳሱ ጌም ሜዳውን አሳይቶ ተጫዋቾቹን ሳያወጣ ደረቀ። የጦርነቱ ስክሪኑን ሰማያዊ አድርጎ ጠፋ። ከተማ የሚገነባበት ደግሞ ምሳ በልታ እስክትመለስ ድረስ ገና «በመክፈት ላይ» ይል ነበር። አንዱን አጥፍታ ሌላውን ጫነች፤ ስለ ቅንብሩ የማታውቀውን ሁሉ ነካካች፤ አንድ ቀን ድምፁን አጥፍታ ለመመለስ አራት ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ የተረፈችው ቀይዋ መኪና ብቻ ናት። እሷም ትንቀረፈፋለች፤ ክላክስ ሁለት መንገድ ተጫውታ ሰለቻት።

ያኔ አባቷን ስትሮክ ከመታው ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ በቀኝ እጁ ይጨምቃል። ማለት እንዲጨምቅ ታዟል፤ ኳሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ሥር ነበረች።

«ለዚህ ሹፌር መንጃ ፈቃድ የሰጠው ማነው?» አለ አንድ ቀን ከኋላዋ፣ ቀይዋን መኪና ድንጋይ ላይ ስታወጣት አይቶ።

«ከቻልክ አንተ ሞክራታ!»

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለት። ሁለት የቀኝ እጁን ጣቶች በግራ እጁ አንሥቶ ቁልፎቹ ላይ አኖራቸው። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ክላክስ ይሄን ታውቀዋለች፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱን ከማስነሣቱ በፊት በልቡ የሚላት አጭር ጸሎት ናት። ለጌም ሲጸልይ ስታየው ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ግን አልሳቀችም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም መንገድ አልጨረሰም። በሁለተኛው አንድ ጨረሰ። ለኳሷ ያልታዘዙ ጣቶች ለቀይዋ መኪና ታዘዙ። ሦስተኛው መንገድ በደረሰ ሰሞን የሸሚዙን ቁልፎች ራሱ መቆለፍ ጀመረ፤ እናቷ በር ላይ ቆማ አይታው ምንም ሳትል ወደ ማድ ቤት ተመለሰች፣ «ተመስገን» ስትል ግን ተሰማ። አምስተኛው መንገድ በደረሰ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ባለፈው ሐሙስ እናቷ የሆቴል የሥራ ልብሷን ስትተኩስ አባቷ ድንገት ተናገረ።

«ሰኞ ስምሪት ክፍል እሄዳለሁ። አውቶቡሴን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።»

እናቷ ካውያውን አቆመችው። «እጅህስ?»

«እጄማ አምስተኛው መንገድ ላይ ናት!» አለና ሳቀ። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያ ሲስቅ አልሰሙትም። እናቷም ሳቀች። ክላክስም። በማግሥቱ ዩኒፎርሙ ከሳጥን ወጥቶ ገመድ ላይ ተሰጣ።

ላፕቶፕ ስለሚያፈጥነው ትንሽ ካርድ፣ ስለ ራሙ፣ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ክላክስ ሦስት ቅዳሜ የጋሽ ብሎንን ሱቅ ስታጸዳ፣ የተከፈቱ ኮምፒውተሮችን አቧራ በትንሽ ብሩሽ ስትጠርግ የከረመችው ከአንድ የሞተ ላፕቶፕ ላይ ራም ነቅለው እንዲጨምሩላት ነው። ለአባቷ «መኪናህን አሳምርልሃለሁ» ብላዋለች። በልቧ ግን የእግር ኳሱ ጌም ነበር፤ ቀጮ «አንቺ ጋ ቢሠራ እኮ በየቀኑ እንጋጠም ነበር» ካለቻት ጀምሮ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ብሎን ራሙን ቀጭ አድርገው አስገቡት። ላፕቶፑ ዓይን ሳይጨፈን ተነሣ። ክላክስ ዘላ አጨበጨበች። እየሮጠች ወደ ቤት ገባችና አባቷ ፊት አስቀመጠችለት።

እሑድ አባቷ ከአልጋው አልተነሣም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ኳሷ አልጋ ሥር ናት። ገመዱ ላይ የነበረው ዩኒፎርም ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ማን እንዳስገባው አልታወቀም።

«አባትሽ ምን ሆነ?» አለች እናቷ ለሥራ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ምን ተባባላችሁ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ደህና የነበረ ሰው!»

«ምንም አልኩሽ እኮ እማዬ።»

እናቷ ትንሽ አየቻት። ሰዓቷ ደርሶ ነበርና ወጣች።

ክላክስ ላፕቶፑን በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከትታ ወረደች። ቀጮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሁሉንም ነገረቻት፤ የእግር ኳሱን ክፍል ብቻ ዘለለችው።

«ቆይ፣ ጌሙ ፈጠነ እንጂ እሱ አልቀረፈፈም ነው የምትዪው?»

«አዎ። በፊት ላፕቶፑ ሲንቀረፈፍ ጌሙም አብሮ ይንቀረፈፍ ነበር። እሱ ደግሞ እጄ ዳነ ብሎ…»

«ታዲያ ምን ታስጨንቂኛለሽ? ራሙን አስወጪው፣ አለቀ።»

«ምን እለዋለሁ?»

«ቫይረስ ገብቶበት ነበር፣ ጠፋ በይው። አባቶች ቫይረስ ሲባሉ አይከራከሩም። እኔ የአባዬን ስልክ የጣልኩት ጊዜ እንኳን ቫይረስ ነው ብዬ አልፌያለሁ።»

«ስክሪኑ ተሰንጥቆ?»

«ኃይለኛ ቫይረስ ነው አልኩት።»

ክላክስ ሳቀች። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። «ሰኞ ይሄዳል ከዚያ» አለች።

«ይሂድ! እሱን አይደል የፈለግሽው?»

ክላክስ ቦርሳዋን አነገተች። ተነሥታ ወደ ጋሽ ብሎን ሱቅ ሄደች።

ጋሽ ብሎን ሁለት ብሎኖች በከንፈራቸው ይዘው አንድ የተገለበጠ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረዋል። የምትፈልገውን ስትነግራቸው ቀና አሉ።

«ሰው ሁሉ አፍጥኑልኝ ብሎ ነው የሚመጣው። አንቀርፍፉልኝ ያለኝ የለም።»

«ለአባቴ ነው ጋሼ።» ከዚያ ነገረቻቸው። መጀመሪያ በአጭሩ፣ በኋላ ከነእግር ኳሱ። ስትጨርስ ብሎኖቹን መዳፋቸው ላይ ተፍተው አስቀምጠዋል።

«አምጪው እስቲ» አሉ።

ላፕቶፑን ገልብጠው ራሙን አወጡት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ቀይዋን መኪና አስነሡ። ማዕዘኑ ላይ ጌሙ የራሱን ሰከንዶች ይቆጥራል። የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው አጠገቡ አስቀመጡና ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። በጌሙ አሥር ሰከንድ ሲሞላ በጋሽ ብሎን ሰዓት ሃያ ስድስት ሆነ።

«አየሽ» አሉ። «ያቃስት ነበር።»

ክላክስ ልዩነቱ እንዲህ ይሰፋል ብላ አልገመተችም።

«አባትሽ ምንድነው የሚነዳው?»

«አውቶቡስ። የከተማ።»

ጋሽ ብሎን አንዴ ወደ መንገዱ አዩ። የሚሉት ነገር ያላቸው መስሏት ጠበቀች። ራሙን በሁለት ጣታቸው ይዘው ብቻ «እና? ይቅር ወይስ ልመልሰው? ያልሽኝን ነው የምሠራው» አሉ።

«እርስዎ ቢሆኑ ጋሼ?»

«እኔ ብሎን ነው የማውቀው፣ ልጄ።»

ሊቆጧት፣ ሊመክሯት፣ ወይ ላፕቶፑን ነጥቀው «ሂጂ፣ እኔ እነግረዋለሁ» ሊሏት ትፈልግ ነበር። ምንም አላሏትም። ራሙ ወጥቶ ቢቀር አባቷ ዛሬውኑ ከአልጋው ይነሣል፤ ነገ ዩኒፎርሙን ለብሶ ስምሪት ክፍል ይሄዳል። ምናልባት ይከለክሉታል። ምናልባት ደግሞ ያውቁታል፣ ይወዱታል፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ቁልፉን ይሰጡታል። ራሙ ቢመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ይቀራል። ሌላ ሦስተኛ ነገር ፈለገች፤ ሱቁ ውስጥ የተከመረውን የላፕቶፕ ሬሳ ሁሉ በዓይኗ ዞረችው፤ አላገኘችም።

«ይመለስ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል።

ቤት ስትገባ አባቷ እንደተወችው ነው። ላፕቶፑን ከቦርሳዋ ሳታወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ።»

«እ።»

«ትናንት እጅህ አይደለም።»

አባቷ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ላፕቶፑ ነው። ራም አስጨምሬበት ነበር። በፊት አሮጌ ስለሆነ ጌሙን በደንብ አይችለውም ነበር፣ ይጎትተው ነበር። አሁን በራሱ ፍጥነት ሄደ።» አንድ ትንፋሽ ወሰደች። «ለአንተ ብዬም አይደለም ያስጨመርኩት። ኳስ ልጫወትበት ነው።»

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። «ምን ያህል ይጎትት ነበር?» አለ።

«በጌሙ አሥር ሲል… በእውነቱ ሃያ ስድስት።»

አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት በሰዓት የነዳ ሰው ነው፤ ሒሳቡ አልዘገየበትም።

«እሺ። ስለዚህ ትናንት አልባሰብኝም።»

«አልባሰብህም!» አለች ክላክስ ፈጥና፤ ይኼን ቃል እስኪላት ነበር የጠበቀችው።

«አልተሻለኝምም።»

«ተሽሎሃል እንጂ! ሸሚዝህን ራስህ አይደለህ የምትቆልፈው?»

«ሸሚዝማ ከፊቴ አይሮጥም፣ ክላክስ።»

ቀልድ ነበር። እንደ ቀልድ ነው የተናገረውም። ሁለቱም ግን አልሳቁም።

«ነገ ሄጄ ቢሰጡኝ ኖሮ…» አለና ቆመ። ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ናት፤ በግራው ያዛት። «አንድ ሕፃን ከእግረኛው መንገድ ዱብ ሲል…» እሱንም አልጨረሰውም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ጭሮ አያውቅም፤ ይህን በየጊዜው የሚነግራቸው እሱ ሳይሆን እናቷ ናት።

«ማን ያውቃል ይሄን?»

«ጋሽ ብሎንና ቀጮ።»

«እናትሽስ?»

«አላወቀችም።»

«እሺ።»

ክላክስ ቁጣውን ጠበቀች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ ይቅርታ ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ያልፋል። «ትድናለህ» ልትለው ፈለገች፤ ግን አታውቀውም። ሐኪሟም ስትጠየቅ «እናያለን» ነው የምትለው። ላፕቶፕ ቢሆን ክዳኑን ይከፍቱታል፣ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጉታል፣ የሆነ ነገር ነቅለው የሆነ ነገር ይጨምሩበታል። እዚህ አልጋ ላይ የምትፈታው ብሎን አልነበረም። እጇን ዘርግታ ቀኝ እጁን ልትይዘው አሰበች፤ እሱ ራሱ በግራ እጁ ስለያዛት ቦታ አልነበረም።

ከታች ፉጨት ተሰማ። ቀጮ ናት፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ፍላሹን ይዛ መጥታ ይሆናል። በተከፈተው በር በኩል የደረጃው ብርሃን ይገባል፤ ሁለት ፎቅ ታች የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ጓደኛሽ ትጠራሻለች» አለ አባቷ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ሰምቻለሁ።»

«ሂጂ በቃ። በሩን ግን ዝጊልኝ።»

ክላክስ ተነሣች። ፉጨቱ ደግሞ መጣ። በሩ ጋ ደርሳ እጀታውን ያዘችና ወደ ደረጃው አየች፣ ከዚያ ወደ አልጋው፤ ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

በሩን ዘጋችው። ከዚያ ከውስጥ በኩል ጀርባዋን አስደግፋው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።